እጅ የሚያስተምረው፦ የሥዕልና የጥበበ እድ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት

ሕፃናት በተማሪ ቤት ሥዕልን ሊማሩ የሚገባቸው መሆኑን ዛሬ በግልጥ የሚክድ መምህር አይገኝም፤ ክርክሩ የሚነሣው እንዴት ይማሩት በሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን፣ ሕፃኑ በፊቱ የተሰቀለውን አብነት እያየ መስሎ እስኪወጣለት ድረስ ይቅዳ ይላል፤ ሁለተኛው ወገን፣ ወረቀትና ቀለም ሰጥታችሁ ተዉት፣ የሚሥለው በልቡናው ያደረውን ነውና መምህር እጁን ያስገባበት እንደ ሆነ ያበላሸዋል ይላል፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ፣ ሥዕል ከሥራ ተለይቶ ብቻውን ሊቆም አይገባውምና ሕፃኑ ጭቃ አቡክቶ፣ አክርማ ሰፍቶ፣ ቀለም በጥብጦ አንድን ነገር ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በገዛ እጁ ይሥራ ይላል። ይህ ክርክር በአውሮፓም፣ በእስያም፣ በአሜሪካም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ በእኛም አገር ብራና ፍቆ፣ መቃ ቀርጾ፣ ቀለሙን ራሱ አዘጋጅቶ የሚሥል ሊቅ ከጥንት ጀምሮ ስለ ነበረን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ስለዚህ የሦስቱን ወገኖች ቃል በየተራ መርምሮ፣ ከየትኛው ምን መውሰድ፣ ከየትኛውስ ምን መተው እንደሚገባ ማመልከት የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ነው። የውጭ አገሩ ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

በዘመናዊ ተማሪ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሠለጠነው የቅጂው ትምህርት ነው። ስዊሳዊው ፔስታሎዚ በ19ኛው ምእት ዓመት መባቻ፣ ሕፃን መስመርን፣ ማዕዘንንና ክበብን ለይቶ መመልከትና መሣል ይልመድ ብሎ ሲያስተምር ሐሳቡ የሕፃኑን ዓይን ለማንቃት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን የመምህራቸውን መንፈስ ትተው ሥርዐቱን ብቻ ስለ ያዙ፣ ሕፃናቱ በሰሌዳቸው ላይ መስመር ሲደረድሩ መዋል ዕጣቸው ሆነ። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ በ1870 የሥዕልን ትምህርት በሕግ ወደ ሕዝብ ተማሪ ቤቶች ስታስገባ ዋና ዓላማዋ ሠዓሊ ማውጣት አልነበረም፤ ለፋብሪካዎቿ ንድፍ የሚያነብና የሚያወጣ ሠራተኛ ማግኘት ነበር፤ ይህንም ያደራጅላት ዘንድ ዋልተር ስሚዝ የተባለውን መምህር ከእንግሊዝ አገር አስመጣች። በፍርድ ለመናገር ያህል፣ የቅጂው ትምህርት ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ እጅን ያጸናል፣ ዓይንን ያስተካክላል፣ ራሱ ሠዓሊ ያልሆነ መምህርም ብዙ ሕፃናትን በአንድ ጊዜ ሊያስተምርበት ይችላል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል፤ አብነቱ ከፊቱ በተነሣ ጊዜ ሕፃኑ ባዶ እጁን ይቀራልና፣ አሥር ጊዜ የቀዳውን አበባ አሳምሮ የሚሥል ልጅ በደጁ የበቀለውን አበባ ሣል ቢሉት እርሳሱን ይዞ ይቀመጣል።

በዚህ ላይ ተቃውሞውን ያነሣው በቪየና ከተማ የነበረው ፍራንትስ ቺዜክ ነው። ይህ ሰው በ1897 ለሕፃናት የሥዕል ክፍል ከፍቶ፣ የሕፃን ሥዕል ያልበሰለ የዐዋቂ ሥዕል ሳይሆን የራሱ ሕግና የራሱ ውበት ያለው ነገር ነው ብሎ አስተማረ፤ ለሕፃናቱም እርሳስ ብቻ ሳይሆን የሚቆረጥ ወረቀት፣ የሚፈለፈል ሊኖሊየም፣ የሚጠለፍ ጨርቅ ሰጣቸው። ከቪየና እጅግ በራቀችው በጃፓንም ያማሞቶ ካናኤ የተባለው ሠዓሊ፣ ከፈረንሳይ ሲመለስ በሩሲያ አገር ያየው የሕፃናት ሥዕል ልቡን ስለ ነካው፣ መንግሥት ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ላይ የተመሠረተውን የቅጂ ትምህርት በመቃወም በ1919 በናጋኖ አውራጃ የሕፃናት ነጻ ሥዕል ትርኢት አሳየ። የሚያስደንቀው ደግሞ ያማሞቶ በዚያው ዘመን የገበሬዎችን የእንጨትና የእጅ ሥራ የሚያሳድግ ማኅበር ማንቀሳቀሱ ነው፤ ሕፃኑ በነጻነት ይሣል ያለው ሰው ገበሬው በእጁ ይሥራ ያለው ራሱ ነበርና፣ ሁለቱ ነገሮች በእርሱ ዘንድ የተለያዩ አልነበሩም።

ነገር ግን ነጻነት ብቻውን ትምህርት ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቺዜክን ክፍል የጎበኙ ተመልካቾች፣ ከዚያ የወጡት ሥዕሎች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉና የቪየናን የዘመኑን ጌጥ የሚያስታውሱ መሆናቸውን አልሳቱም፤ መምህሩ ምንም አላስተማርሁም ቢልም፣ የትኛውን ሥዕል አንሥቶ እንደሚያደንቅ፣ የትኛውን ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ሕፃን ቶሎ ያስተውላልና። ከዚህም በላይ በቺዜክ ዘንድ የሚሰበሰቡት ወደው የመጡ ሕፃናት ነበሩ፤ ስድሳ ሕፃናት በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚቀመጡበት ተማሪ ቤት ግን፣ ወረቀት አድሎ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» የሚል መምህር፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚያገኘው አንድ ዐይነት ቤት፣ አንድ ዐይነት ፀሐይ፣ አንድ ዐይነት ባንዲራ ነው። ሕፃን የሚፈልገውን ለማወቅ አስቀድሞ የሚታገለው ነገር ያስፈልገዋል።

በቅጂውና በነጻነቱ ወገን መካከል ታላቅ ብርሃን ያበራው የሕፃናትን ሥዕል በየዕድሜው የመረመረው ቪክቶር ሎወንፌልድ ነው። በኦስትሪያ የተወለደው ይህ ሊቅ በቪየና ለዓይነ ስውራን ሕፃናት ጭቃ እየሰጠ ቅርጽ ሲያሠራ የቆየ ሲሆን፣ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ የሕፃን ሥዕል በደረጃ እንደሚያድግ አስረዳ፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ይሞነጫጭራል፤ ከ4 እስከ 7 ያለው ሰው የሚመስል ክብና እግር ያወጣል፤ ከ7 እስከ 9 ያለው ለየነገሩ አንድ የታወቀ ቅርጽ አበጅቶ ሁሉን በአንድ መስመር ላይ ያቆማል፤ ከ9 በኋላ ግን «አልመሰለም» እያለ የገዛ ሥራውን መንቀፍ ይጀምራል።

ይህ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት፣ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናትን የቤታችሁን ማዕድ ሣሉ ማለት ይበቃል። መሶቡ ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ፍጹም ክብ ይሣላል፤ እንጀራው ከነወጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ በዙሪያው የተቀመጡት ቤተ ሰቦች ግን ራሳቸው ወደ ውጭ፣ እግራቸው ወደ መሶቡ ሆኖ በአራቱ ማዕዘን ይዘረጋሉ፤ የቤቱ ግድግዳ ውስጡን እንዳይሰውር እንደ መስተዋት ያሳልፋል፤ የምታጎርሰው እናት እጅ ከሌላው እጅ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። የተማረ ሰው ይህን አይቶ ስሕተት ነው ይላል፤ ሎወንፌልድ ግን ሕፃኑ የሣለው ዓይኑ ከአንድ ቦታ ያየውን ሳይሆን ስለ ማዕዱ የሚያውቀውንና የሚሰማውን ሁሉ ነው፤ እጇ የረዘመው የምታጎርሰው እርሷ ስለሆነች ነው ይላል። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰውም በዚህ ሊደነቅ አይገባውም፤ በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ገበታው ከላይ እንደሚታይ ተዘርግቶ ኅብስቱና ጽዋው አንድም ሳይሸሸግ ይታያል፤ ጻድቃን በሙሉ ፊታቸው፣ ከሓድያን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በማዕርግ የሚበልጠውም በቁመት ይበልጣል። የሊቃውንቱ ሥርዐት በብዙ ትውልድ የጸና ትውፊት ሲሆን የሕፃኑ ገና ያልተፈተነ ቢሆንም፣ ሁለቱም የሚያስረዱት ከአንድ ነጥብ የሚታየው ብቻ እውነት አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመትን ልጅ ግድግዳው ያሳልፋል ብሎ የሚገሥጽ መምህር ልጁን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም የሥዕል ትውፊት ሳያውቅ ይነቅፋል።

ወደ ሦስተኛው ወገን ስንመለስ፣ የእጅ ሥራን የትምህርት መሠረት ለማድረግ ቀዳሚዋ አገር ፊንላንድ ናት፤ ኡኖ ሲግኔዩስ በደከመበት ሥራ በ1866 የእጅ ሥራ በሕዝብ ተማሪ ቤቶች ግዴታ ሆነ። በሕንድም ማሕተማ ጋንዲ በ1937 ሕፃናት ፈትልንና ሽመናን የመሰለ ሙያ እየሠሩ በዚያው ውስጥ ሒሳቡንና ታሪኩን ይማሩ የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያዋ ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ የተነሡት የሕፃናት ቤቶች ደግሞ፣ በሎሪስ ማላጉትሲ መሪነት፣ በየቤቱ አንድ የሥራ ክፍልና በጥበብ የሠለጠነ አንድ መምህር አኖሩ፤ ሕፃናቱም አንድን ጉዳይ ይዘው ለሳምንታት በጭቃ፣ በሽቦ፣ በወረቀትና በቀለም ይመረምሩታል። የፊንላንዱ ትምህርት ለሙያ፣ የጋንዲው ለኑሮ፣ የማላጉትሲው ለአእምሮ ያደላል፤ ሆኖም ሦስቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕቃው ራሱ መምህር መሆኑ ነው። መምህር «ትክክል አይደለም» ሲለው ሕፃን ሊጠራጠር ይችላል፤ ጭቃው በተሰነጠቀ ጊዜ ግን የሚከራከረው ሰው የለም።

ዕቃ የሌለው ተማሪ ቤት ይህን እንዴት ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ፣ ከሁሉ የሚከብደው መልስ የተገኘው በናዚዎች የግዞት ከተማ በቴሬዚን ነው። በጀርመኑ የጥበብ ተማሪ ቤት በባውሃውስ የተማረችው አይሁዳዊት ሠዓሊት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ በናዚዎች ተይዛ ወደዚያ ግዞት በተላከች ጊዜ፣ የታሰሩትን ሕፃናት በተጣለ የመሥሪያ ቤት ወረቀትና በመጠቅለያ ቅዳጅ ሥዕል ታስተምር ነበር፤ ወረቀቱን እየቀደዱ በመለጠፍ ተራራና መርከብ ያበጁ ነበር፤ በየሥዕሉም ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በ1944 ወደ ኦሽዊትዝ ተወስዳ ስትገደል፣ 4,500 ያህል የሕፃናት ሥዕል በሁለት ሻንጣ ተሸሽጎ ተረፈ፤ ዛሬም በፕራግ የአይሁድ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከዚህ የከፋ ማጣት አይገኝምና፣ ዕቃ የለንም የሚለው ቃል ከዚህ ታሪክ በኋላ ብዙ ክብደት የለውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙሩን የሚያስተምረው በሥራው መካከል ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ብሩሽ ከመያዙ አስቀድሞ ቀለም ይበጠብጣል፣ ገበታውን ያለሰልሳል፤ የብራናው ሙያ እንደ ሆነ ቆዳው በዘንግ ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ ያያል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ እንደሚዘጋጅ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት እንደሚጠበቅ ይማራል፤ ሐረጉን በመጽሐፉ ራስጌ መጣል የሚጀምረው ዕቃውን ካወቀ በኋላ ነው። የዚህ ትምህርት ጉድለት ግልጥ ነው፤ ለጥቂቶች የተወሰነ ነበር፣ ዓመታትንም ይፈጅ ነበር፣ ከመምህሩ አብነት መውጣትም እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ሆኖም ተማሪው የሥራውን መነሻና መድረሻ አውቆ መውጣቱ በማንኛውም ዘመናዊ ክፍል የማይናቅ ጥቅም ነው። እንደዚሁም እናት ለልጇ ስፌት ስታስተምር፣ ስንደዶው እንዴት እንደሚነከር፣ አክርማው በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ እንዴት እንደሚያልፍ፣ አለላው ስንት ዙር ሄዶ ቀለሙ እንደሚለወጥ በእጅ እያሳየች ነበር፤ ያችም ልጅ ሳታውቀው ቁጥርንና ምጥጥንን ትማር ነበር።

በዚህም ላይ ሕፃናቱ ራሳቸው ያቆሙት አንድ ሥርዐት አለን። የእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች በዘፈን ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ሥለውና ቀልመው ለየጎረቤቱ ያድላሉ፤ ጎረቤቱም መርቆ ገንዘብ ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ልጁ አስቀድሞ ወረቀቱን ያዘጋጃል፣ ቀለሙን ይቆጥባል፣ ለስንት ቤት እንደሚበቃ ያሰላል፣ ሥራውን በሰው ፊት ያቆማል፤ የትምህርት ሊቃውንት ዛሬ ከሥዕል ትምህርት የሚሹት ነገር ሁሉ ያለ መምህርና ያለ ሥርዐተ ትምህርት በዚህ ተገኝቷል። የታተመ ካርድ በየሱቁ ከበዛ ወዲህ ይህ ልማድ በከተማ እየሳሳ መሄዱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራልና፣ ተማሪ ቤቶቻችን የጳጉሜንን ሰሞን ለዚህ ሥራ ለማዋል እምብዛም አላሰቡም።

ከእነዚህ በጎ ውርሶች ጋር አንድ ክፉ ውርስ መኖሩን ሸሽጎ ማለፍ አይገባም። ሸክላ ሠሪዋን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር ስለ ነበር፣ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ቢነገርም ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ዛሬም ቢሆን ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቈጥር እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም የሚል ወላጅ ይሰማል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት የውበት ነገር ብቻ ሳይሆን የምግባርም ነገር ነው፤ በሰባት ዓመቱ ጭቃ አቡክቶ አንዲት ትንሽ ጀበና ለማቆም ሦስት ጊዜ የፈረሰበት ልጅ፣ በገበያ የተደረደረውን ጀበና አይቶ ሠሪዋን ለመናቅ አንደበቱ አይታዘዝለትም።

የመንግሥት ተማሪ ቤቶችን በሚመለከት፣ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቆመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ ነገር ግን አንድ ከፍተኛ ተማሪ ቤት፣ ምንም ያህል ቢበረታ፣ በሺሕ የሚቆጠሩትን የሕፃናት ክፍሎች ሊሞላ አይችልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተተገበረ ወዲህ፣ በመጀመሪያው እርከን፣ ማለት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ አንዱ መምህር ሁሉንም ትምህርት በአንድ ክፍል እንዲያስተምር ሲደረግ፣ በዚያ ጊዜ ሥነ ውበት ይባል የነበረውም ትምህርት በዚሁ መምህር ላይ ወደቀ። ይህ አሠራር መልካም በር ከፍቶ ነበር፤ ሒሳቡንም ሥዕሉንም የሚያስተምረው አንድ ሰው ከሆነ ሁለቱን ማገናኘት ይቀለዋልና። ነገር ግን ራሱ ጭቃ ይዞ የማያውቅ መምህር ጭቃ ሊያስይዝ ስለማይችል፣ ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ይውላል፤ ባይውልም መምህሩ በሰሌዳ ላይ አንድ ሥዕል ይሥላል፣ ሕፃናቱም ይቀዳሉ፤ በዚህ መንገድ የተጣለው የቅጂ ትምህርት በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

የተግባሩ ትምህርት ምን ያህል እንደሚቻል ለማሳየት ቀለምን ብቻ እንመልከት። ሕፃናቱ ከየቤታቸው የድስት ጥቀርሻ፣ ቀይ አፈርና ጥቂት እርድ ያመጣሉ፤ የግራር ሙጫ በቆርቆሮ ውኃ ያድራል፤ በማግስቱ ጥቀርሻው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተልሞ ከሙጫው ውኃ ጋር ይለወሳል። ሙጫው ያነሰበት ቀለም ሲደርቅ በጣት እየተነሣ ይረግፋል፤ የበዛበት ይሰነጠቃል፤ እርዱ ፀሐይ በነካው ቍጥር እየፈዘዘ ይሄዳል፤ አፈሩ ግን ይጸናል። ብሩሽ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የመፋቂያ ጫፍ በጥርስ ሲታኘክ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በዚህ ሥራ ሦስት የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ያልቃሉ፤ ሕፃኑ ግን ከዚያ በኋላ ቀለሙን የሚቀባው እያሰበ ነው፤ በድካም ያገኘውን አያባክንምና። መምህሩም በዚያው መካከል፣ አንድ እጅ ሙጫ ለስንት እጅ ውኃ እያለ ሒሳብን፣ ፀሐይ ለምን አፈዘዘው እያለ ሳይንስን ያስተምራል።

የጭቃውም ሥራ እንዲሁ ነው። አፈሩ ተነፍቶ ይነከራል፤ የተሰበረ ገል ተደቁሶ ይቀላቀልበታል፤ የጀበናውን ጆሮ ከገላው ጋር ለማያያዝ ሁለቱም ወገን ተጭሮ በቀጭን ጭቃ ይለሰናል፤ ሥራውም ከፀሐይ ርቆ በጥላ ይደርቃል። ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ሕፃን ሰኞ ተመልሶ ሲያይ የተሰነጠቀ ጀበና ያገኛል፤ የመምህሩም ጥያቄ «ማን አስቸኮለህ?» ሳይሆን «ወዴት በኩል ተሰነጠቀ?» ሊሆን ይገባል፤ ሕፃኑ ጣቱን በስንጥቁ ላይ ሲያደርግ ሳሳ ያለበትን ቦታ ራሱ ያገኘዋልና። ከመንደሩም ሸክላ ሠሪዋን ጠርቶ «እሜቴ፣ ለልጆቹ ያሳዩልን» ብሎ በመምህርነት ማስቀመጥ፣ ከማንኛውም የሥነ ምግባር ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ተግባር እየተባለ የሚሠራ የተግባር ጥላ ነው፤ መምህሩ አስቀድሞ ስድሳ አበባ ቆርጦ ሕፃናቱ ማጣበቅ ብቻ ሲቀርላቸው፣ ግድግዳው ለወላጆች በዓል ያምራል እንጂ ያሰበና የወሰነ ሕፃን በክፍሉ አይገኝም። በተለይ በግል ተማሪ ቤቶች ይህ ፈተና ብርቱ ነው፤ ወላጅ የሚያየው ፍጻሜውን ነውና፤ ከተሳካለት ጀበና ይልቅ የሕፃኑን ጥረት የሚመሰክረው የፈረሰው መሆኑን የሚያስረዳው ሰው የለም። ሁለተኛው የማርክ ነገር ነው። ውበትን ከመቶ ሰባ ብሎ መለካት ሕፃኑን ወደ ቅጂ ይመልሰዋል፤ ማርክ ግድ ከሆነ ዕቃውን እንዴት እንዳዘጋጀ፣ የጀመረውን እንደ ጨረሰ፣ የሠራውንም በቃሉ ማስረዳት እንደ ቻለ ቢታይ ይሻላል።

እንግዲህ የሦስቱ ወገኖች ክርክር የሚታረቀው አንዱን መርጦ ሁለቱን በመጣል ሳይሆን እያንዳንዱን በጊዜው በማስገባት ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ዕቃው ይቅደም፤ ሕፃኑ ጭቃን፣ ቀለምን፣ ሣርንና ወረቀትን ይወቅ፣ በእነርሱም የወደደውን ይሥራ፤ ሥዕሉ ዓለምን አልመሰለም ተብሎ አይገሠጽ። ከ4ኛ ክፍል በኋላ፣ «አልመሰለም» የሚለው ጥያቄ ከገዛ አፉ ሲወጣ፣ አብነት የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የሐረጉን አጣጣል፣ የመሶቡን ምጥጥን፣ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ማሳየት፣ ማስቀዳትም ቢሆን፣ ጥያቄውን መመለስ እንጂ ነጻነቱን መንፈግ አይሆንም። ብዙ ሕፃናት በዐሥርና በዐሥራ አንድ ዓመታቸው «እኔ ሥዕል አልችልም» ብለው ለዕድሜ ልክ የሚተዉት፣ አብነቱ ባላስፈለጋቸው ጊዜ ተጭኖባቸው፣ ባስፈለጋቸው ጊዜ ስለ ተነፈጉ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ብዙው የመምህሩ እጅ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ያለ እጩ መምህር ስለ ሥነ ውበት ጽሑፍ አጥንቶ ብቻ እንዳይወጣ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ ጭቃውን ራሱ አቡክቶ፣ የተሰነጠቀበትንም ራሱ መርምሮ እንዲመረቅ ማድረግ ከየትኛውም አዲስ መጽሐፍ ኅትመት ይቀድማል፤ የሥዕሉም ክፍለ ጊዜ በሳምንት በተበታተኑ አርባ ደቂቃዎች ሳይሆን በአንድ ላይ በተያያዙ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ቢደለደል፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ቀለሙም ሳይፈስ ሥራው ከፍጻሜ ይደርሳል።